የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትን የሚደግፍ ማኅበር ከየት ይጀምር?

ጥያቄ፦ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማርን ጓደኛሞች ተሰባስበን ቤተ መጻሕፍቱን የሚያግዝ የበጎ ፈቃድ ማኅበር ለማቋቋም አስበናል። ከየቤታችን ያሰባሰብናቸውን መጻሕፍት በካርቶን ይዘን ብንሄድም፣ ኃላፊዋ አመስግነው «በቅድሚያ ዝርዝራቸውን ላኩልን» በማለት ሳይረከቡን ቀሩ። ስጦታ መቀበል ይህን ያህል ያስቸግራል? ሥራችንንስ በምን ብንጀምር ይሻላል?

መልስ፦ ቅር መሰኘታችሁ ይገባናል፤ ይሁን እንጂ ኃላፊዋ ያደረጉት ተገቢ ነው። በስጦታ የመጣ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ከመቀመጡ በፊት ቤተ መጻሕፍቱ ቅጂው እንዳለውና እንደሌለው፣ እትሙም በአዲስ የተተካ መሆን አለመሆኑ ይጣራል፤ ከዚያም በካታሎግ ይመዘገባል፣ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ማኅተም ይደረግበታል። ይህ ሁሉ የባለሙያ ጊዜ ይወስዳል። ከዚህም በላይ እርጥበት ባለበት ቤት የቆየ መጽሐፍ ሻጋታ ይዞ ሊመጣና ወደ ሌሎቹ ሊያዛምት ስለሚችል፣ ለብቻው ተቀምጦ ሳይመረመር ከስብስቡ ጋር አይቀላቀልም።

እንዲህ ያሉ ማኅበራት ረጅም ታሪክ አላቸው። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወዳጆች ማኅበር በ1913 እ.ኤ.አ.፣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ወዳጆች ማኅበር ደግሞ በ1925 እ.ኤ.አ. ተመሥርተዋል። ከዋና ዋና ተግባሮቻቸው አንዱ መደበኛው በጀት የማይደርስባቸውን ብርቅ መጻሕፍትና የእጅ ጽሑፎች ለመግዛት ማገዝ ነው። ለእናንተም የምንመክረው ከዚሁ የሚነሣ ነው፤ የምትሰጡት ነገር እናንተ ካላችሁ ሳይሆን ቤተ መጻሕፍቱ ከጎደለው ይጀምር።

ስለዚህ ኃላፊዋን ቀጠሮ ጠይቃችሁ፣ ከዓመት ዓመት በበጀት የማይሸፈነው የትኛው ሥራ እንደሆነ ጠይቋቸው። መልሱ ብዙ ጊዜ ለምረቃ ሪባን የሚቆረጥለት ዓይነት አይሆንም። ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ከእንጨት ብስባሽ የተሠራው ወረቀት በውስጡ ባለው አሲድ ምክንያት ቢጫ እየሆነና እየተሰባበረ ስለሚሄድ፣ አሲድ የሌለበት ማስቀመጫ ሣጥን መግዛት ወይም የተገነጣጠለ ጥራዝ በባለሙያ ማስጠገን ከብዙ ካርቶን መጻሕፍት የበለጠ ይጠቅማል። በፕላስተር የተጣበቀ ገጽ ግን ሙጫው እያደር ወረቀቱን ስለሚያበላሽ፣ በቅንነት እንኳ ቢሆን ጥገናውን ራሳችሁ አትሞክሩት።

የቀድሞ ተማሪዎች ከማንም በተሻለ የሚሠሩት አንድ ሥራ አለ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መዛግብት ውስጥ ማን፣ የትና መቼ እንደተነሣ ያልተጻፈባቸው ፎቶግራፎች ይገኛሉ። በፎቶው ላይ ያሉትን መምህራንና ተማሪዎች የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ከባለሙያው ጋር ተቀምጠው ስምና ዘመን ካላስመዘገቡ፣ መረጃው በኋላ በምንም ገንዘብ አይገኝም። ለዚህ ሥራ ቅድሚያ ብትሰጡት ደስ ይለናል።

በአንጻሩ በጎ ፈቃደኞች የደመወዝተኛ ሠራተኛን ቦታ መተካት የለባቸውም፤ ማን ምን መጽሐፍ እንደተዋሰ የሚያሳየውም መዝገብ የአንባቢው ምስጢር ስለሆነ እጃቸው ሊገባ አይገባም። ከዩኒቨርሲቲው ጋር በምትፈራረሙት ሰነድ ላይ ድጋፋችሁ በመደበኛው በጀት ላይ የሚጨመር እንጂ በጀት ለመቀነስ ምክንያት የማይሆን መሆኑ በግልጽ ይስፈር። ይህ አንቀጽ ከተዘለለ የማኅበሩ ልፋት ቤተ መጻሕፍቱን ሊጎዳ ይችላል። ገንዘባችሁን በማኅበሩ ስም በተከፈተ ሒሳብ፣ ከአንድ በላይ ፈራሚ አድርጋችሁ ያዙ፤ በየዓመቱም ለአባላት ሪፖርት አቅርቡ።

ካርቶኖቹን በተመለከተ፣ የእያንዳንዱን መጽሐፍ ደራሲ፣ ርእስ፣ የኅትመት ዘመንና እትም ጽፋችሁ ላኩ። ኃላፊዋ የመረጧቸውን አስረክቡ፤ የቀሩትን ሸጣችሁ ገቢውን ለማኅበሩ ሥራ ልታውሉት ትችላላችሁ።