የሙዚቃ ደራሲን ሐውልት ለምትሠሩ ወጣት ቀራፂዎች

ልጆቼ፣ በመናፈሻ የሚቆም የሙዚቃ ደራሲ ሐውልት ስትሠሩ ጭቃ ከማንሳታችሁ በፊት ፊቱን ከምን እንደምትወስዱ ለዩ። ከሌላ ሐውልት ፎቶግራፍ የሚቀዳ የሌላውን ቀራፂ ስሕተት ይወርሳል። ቤትሆቨንን ብንወስድ፣ ቀራፂው ፍራንዝ ክላይን እ.ኤ.አ. በ1812 በሕይወት ሳለ ከፊቱ ላይ ያነሣው የጀሶ ጭምብል አለ፤ በ1827 ከሞተ በኋላ የተነሣም አለ። የኋለኛው አስከሬኑ ተመርምሮ የጆሮ አካባቢ አጥንቶቹ ከወጡ በኋላ የተነሣ ስለሆነ ፊቱ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ከእሱ ከሠራችሁ የምታቆሙት አስከሬን ነው። የ1812ቱንም በጥንቃቄ አንብቡት፤ የተጨፈነው ዓይንና የተገጠመው ከንፈር ጀሶው እስኪደርቅ የታገሠ ሰው ነው፣ እንደ ቁጣ አትቁጠሩት።

ሐውልቱ ሁለት ሜትር መቆሚያ ላይ ከወጣ ተመልካቹ አገጭና አፍንጫ ያያል፣ ግንባሩ ወደ ኋላ ይሸሻል። ስለዚህ የጭቃውን ራስ በዚያው ከፍታ ሰቅላችሁ ከታች እያያችሁ ሥሩ፤ ጥቂት ወደ ፊት ማዘንበልም ይረዳል።

የሙዚቃ መሣሪያ ማስያዝ ግዴታ አይደለም። ሄልሲንኪ ያለው፣ ኤይላ ሂልቱነን የሠራችውና በ1967 የተመረቀው የፊንላንዱ የሙዚቃ ደራሲ የሲቤሊየስ መታሰቢያ ከ600 በላይ የብረት ቧንቧዎች ስብስብ ነው፤ የደራሲው ፊት በጎን የተጨመረው ክርክር ስለተነሣ ነው። ቪየና መናፈሻ ውስጥ እንደቆመው በወርቅ የተለበጠ የሙዚቃ ደራሲው የዮሐን ሽትራውስ ሐውልት ቫዮሊን ካስያዛችሁ ግን አስቡበት፦ የቫዮሊን መምቻና የሙዚቃ መሪ በትር በመጀመሪያ የሚጣመሙና የሚሰበሩ ናቸው። ጫፋቸው በአየር ላይ ብቻውን አይንጠልጠል፤ ልብስን ወይም ክንድን በሌላ ቦታ ይንካ፣ ውስጡም ክፍት ሳይሆን ድፍን ይሁን።

አሁን ወደ ውኃ ልምጣ፤ ሐውልት የሚገድለው እሱ ነው። በሰም ዘዴ፣ ማለትም ሰሙ ቀልጦ ወጥቶ በቦታው የቀለጠ ነሐስ በመፍሰስ፣ የሚሠራ ሐውልት ውስጡ ባዶ ሆኖ ግድግዳው አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ነሐሱ ሲቀዘቅዝ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ ይኮማተራል፣ መጠን ስትለኩ ይህን አስቡ። ነሐሱ ፈስሶ ከቀዘቀዘ በኋላ የውስጡ ሙሌት፣ ሐውልቱ ባዶ እንዲሆን መሐሉን ይዞ የነበረው፣ ተጠርጎ መውጣት አለበት። ጥቂት ከቀረ እርጥበት እንደ ስፖንጅ ይይዛል፤ ብርድ ባለበት አገር ይረጋና ነሐሱን ይሰነጥቃል። ሙሌቱን የያዙት የብረት ካስማዎችም ይውጡ፤ ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ብየዳውን ከውስጥ ይገፋል፣ በፊቱም ላይ ቡናማ እንባ ያወርዳል። የውስጡ ደጋፊ አይዝጌ ብረት ይሁን።

ኮቱ እጥፋት ላይ፣ የተቀመጠ ሰው ጭን ላይ፣ ክፍት መጽሐፍ ላይ ውኃ ይቆማል። ቀለም ከመቀባቱ በፊት በባልዲ ውኃ አፍስሱበትና ኩሬ የሠራበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ከታች፣ ከጫማው አጠገብ፣ 8 ሚሊ ሜትር የሚያህሉ የማፍሰሻ ቀዳዳዎች ብሱ። ብዙ ሰው መልክ ያበላሻል ብሎ ይተወዋል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ከተተከለ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ በለስላሳ ብሩሽና በቀላል ሳሙና ይታጠብ፣ ሲደርቅ ሰም ይቀባ። የሽቦ ብሩሽ የነሐሱን ቀለም ገፍፎ ብረቱን እርቃኑን ስለሚያስቀር አይንካው። የርግብ ኩስ ከመድረቁ በፊት ይነሣ፤ ቀዳዳዎቹም በቅጠል እንዳይደፈኑ በቀጭን እንጨት ይፈተሹ።