ጥያቄና መልስ፦ ለትንሽ ሽጉጥ የሚሆን ጥይት

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኩት ቤሬታ ሽጉጥ አለኝ፤ ፈቃዱም በስሜ ዞሯል። ጎኑ ላይ «7.65» እና «1935» የሚል ተቀርጾበታል። ቤቴን ለመጠበቅ የሚሻለኝ አናቱ የተቦረቦረው ጥይት ነው ወይስ ድፍኑ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ድፍኑን ይያዙ። አናቱ የተቦረቦረ ጥይት ሲመታ ተከፍቶ እንዲሰፋ የተሠራ ነው፤ ለመከፈት ግን ጉልበት ይፈልጋል። የ7.65 አረር ክብደቱ 4.6 ግራም ያህል፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 280 ሜትር ገደማ ሲሆን ጉልበቱ 180 ጁል አካባቢ ነው። ፓራቤለም የሚባለው ትልቁ የ9 ሚሊ ጥይት ጉልበት ግን ወደ 490 ጁል ይጠጋል። በዚህች ጉልበት የተቦረቦረው ወይ ሳይከፈት ያልፋል፣ ወይ ተከፍቶ ሩቅ ሳይሄድ ይቆማል። የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. በፈረንጆቹ 1986 ማያሚ ላይ ከገጠመው የተኩስ ልውውጥ በኋላ ያወጣው መለኪያ፣ አረሩ ሥጋን በሚተካ የሙከራ ጄላቲን ውስጥ ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር እንዲዘልቅ ይጠይቃል። ትናንሾቹ ሽጉጦች እዚያ የሚደርሱት አብዛኛውን ጊዜ በድፍን ጥይት ነው።

በእርስዎ አገር ብርድ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ማታ በደብረ ብርሃን ያለ ጋቢ ወይም ያለ ካፖርት የሚወጣ ሰው የለም፤ ወደ መንዝ ሲሉ የበግ ጠጉር በርኖስ ይጨመራል። የተቦረቦረው አናት በጨርቅ ሲጠቀጠቅ አይከፈትም፤ ተጨማሪ ዋጋ የከፈሉበት ጥይት ድፍን ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ሽጉጡ ራሱ ነው ወሳኙ። ያ ቤሬታ የተሠራው ለክብ አናት ጥይት ነው፤ ሌላ ቅርጽ ሲሰጡት ሲጎርስ ይነክሳል፤ ጥይቱ ተቀርቅሮ ይቀራል ማለት ነው። የ7.65 ቀለህ ቂጡ ላይ በትንሹ ወጣ ያለ ጠርዝ አለው። የተቦረቦረው ጥይት አጠር ስለሚል ካዝና ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ የላይኛው ጠርዝ ከታችኛው ጠርዝ ኋላ ከገባ ይቆላለፉና ካዝናው ይታሰራል። ያን ጊዜ ስላይዱን (የሽጉጡን ተንሸራታች የላይ ክፍል) ደጋግሞ መሳብ ምንም አያመጣም፤ ካዝናውን አውጥቶ ጥይቶቹን አንድ በአንድ ማስለቀቅ ነው። ድፍኑንም ሲሞሉ የእያንዳንዱ ጥይት ጠርዝ ከበታቹ ካለው ፊት መሆኑን በዓይንዎ ይዩ። በሕጋዊ የመተኮሻ ቦታ ከአንድ ዓይነት ጥይት 50 ያህል ሳይነክስ ካሳለፈ ይመኑት። ካልሆነ ምንጩ ብዙ ጊዜ የደከመ የካዝና ሞላ ነው።

ድፍን ጥይት የሳተ እንደሆነ የቆርቆሮ በር አይመልሰውም፤ የተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳም አያስተማምንም። የድንጋይ ግድግዳ ደግሞ ያነጥራል። ከበሩ ማዶ ማን እንደሚተኛ አስቀድመው ይወቁ።

ጥያቄ፦ ማካሮቭ አለኝ። ጎረቤቴ ጋ 9 ሚሊ ጥይት አለ። ሁለቱም 9 ከሆኑ ለምን አይሆንም ይሉኛል? (ከመሀል ሜዳ)

መልስ፦ ቢያንስ ሦስት ዓይነት 9 ሚሊ ጥይቶች ስላሉ። የጣሊያኑ ኮርቶ ቀለሁ 17፣ የማካሮቭ 18፣ የፓራቤለም 19 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የማካሮቭ አረር ውፍረቱም ይለያል፤ 9.27 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የሌሎቹ 9 ብቻ። ፓራቤለም ማካሮቭ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይገባም፤ በግድ አይግፉት። ኮርቶው አሳሳች ነው፦ ይገባል፣ ሊተኮስም ይችላል፤ ግን በሰፊው በርሜል ውስጥ ላልቶ ስለሚሄድ ዒላማ ይስታል፣ ቀለሁም ሊሰነጠቅ ይችላል። የወታደር ጥይት ቂጥ ላይ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ቁጥርና ዓመት እንጂ ካሊበር (የጥይቱ ልክ) አይጻፍም፤ ስለዚህ በካሊፐር (በውፍረትና ርዝመት መለኪያ) ይለኩ። ቶካሬቭና ማውዘር የተባሉት ሽጉጦችም እንዲሁ ናቸው፤ ጥይታቸው መንታ ይመስላል፣ የቶካሬቩ ግፊት ግን ይበልጣልና የድሮ ማውዘር ውስጥ አይክተቱት።

ደግሞም ጥይት በፈቃድ እንጂ በጉርብትና አይዞርም፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ሌባ በግ ይዞ ሲሸሽ መተኮስ ይፈቀድልኛል? (ከአንኮበር)

መልስ፦ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 የሚጠብቀው ሊደርስ የተቃረበን ወይም እየደረሰ ያለን ሕገ ወጥ ጥቃት፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት ሳይቻል፣ በተመጣጠነ ኃይል የተከላከለን ሰው ነው። በግና የሰው ሕይወት አይመጣጠኑም። አይተኩሱ።

ጥያቄ፦ የቆዩ ጥይቶች አሉኝ፤ አንዳንዶቹ አረንጓዴ አውጥተዋል፣ ባለፈው አንዱ ከሸፈ። ዘይት ልቀባቸው? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ዘይት በፍጹም። በቀለሁ ቂጥ ባለችው መለኮሻ ዙሪያ ሰርጎ ይገባና ደህናውንም ያከሽፋል። በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ይለዩ፦ አረንጓዴው ቀለሁን የበላው፣ የተጨረመተው፣ አረሩ በጣት ሲገፋ የሚነቃነቀው ወይም ወደ ውስጥ የሰመጠው አይተኮስም። የሰመጠ አረር ቦታ ስለሚያጠብ የባሩዱን ግፊት ከልክ በላይ ያንረዋል፤ ይህ የሚመጣው አንዱን ጥይት ደጋግሞ ከማጉረስና ከማውጣት ነው። የተለዩትን አይጣሏቸው፣ እሳት ውስጥም አይጨምሯቸው፤ ለፖሊስ ያስረክቡ።

ጥይት ሲከሽፍ አፈሙዙን ወደ ባዶ መሬት እንዳዞሩ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፣ ከዚያ ያውጡት፤ መለኮሻው ዘግይቶ ሊነሳ ይችላል። ከዚህ የከፋው «ጧ» ሳይል «ፍስ» ያለው ነው፤ አረሩ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ይሆናልና ሁለተኛ አይተኩሱ፣ ሽጉጡን አራግፈውና ፈትተው በበርሜሉ ብርሃን ይዩ።

የእርስዎ ቆላ ሞቃት ስለሆነ ጥይቱን ከቆርቆሮ ጣሪያው ሥር አያስቀምጡ። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የብረት ሣጥን፣ ደረቅና ጥላ ቦታ፣ ከሽጉጡ የተለየ ቁልፍ፤ ቁልፉም ልጆች ከማይደርሱበት።