«የድል ጊዜ ደጋፊ»

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ያደግሁት ጅማ፣ ሂርማታ ነው። በ2010 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ባነሳንበት ዓመት ከአባቴ ጋር ስታዲየም ያልገባንበት ጨዋታ አልነበረም። የከተማው እግር ኳስ ክለብ ጅማ አባ ጅፋሮች መሸነፍ ሲያበዙ መሄዴን ተውሁ። በ2014 ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ወዳለው ከፍተኛ ሊግ ሲወርዱማ ውጤታቸውንም መጠየቅ አቆምሁ። በዚያው ዓመት ለሥራ እንዲቀርበኝ ቤት ተከራይቼ ወጣሁ፤ አባቴም የቡና ንግዱ ከስሮበት ቤት መዋል ጀምሮ ነበር። ባለፈው በዓል በእንግዶች ፊት «ይህ ልጅ የድል ጊዜ ደጋፊ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ቀዝቅዟል። በኳስ ምክንያት አባትና ልጅ ይኳረፋሉ?

መልስ፦ በኳስ ብቻ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በታረቃችሁ ነበር። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ዋንጫውን «አነሳን» ብለህ ጽፈሃል፤ የወረዱት ግን «እነሱ» ናቸው። ሳታስበው ያደረግኸው ይመስለኛል፤ አንተም የመጀመሪያው አይደለህም። ሮበርት ቻልዲኒ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1976 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲያቸው ቡድን ባሸነፈ ማግሥት የትምህርት ቤታቸውን ስም የያዘ ልብስ አብዝተው እንደሚለብሱ፣ ስለ ድሉ ሲያወሩም «እኛ» ማለት እንደሚቀናቸው አሳይቷል። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ስናይደር የተባለ ሌላ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ተቃራኒውን አዩ፦ ሰው ከወደቀ ቡድን ራሱን የሚያርቀው የራሱን ክብር እንዳይነካበት ነው። ስለዚህ ከስታዲየም በመቅረትህ ከዳተኛ ነህ አልልህም። ክለብ መተው ወንጀል አይደለም፤ በሽንፈት ቀን ወንበር ላይ መገኘታቸውን እንደ ጀብዱ የሚተርኩ ደጋፊዎችም አንዳንዴ ያሰለቹኛል።

እኔን ያስቆመኝ ስለ ቡናው የጻፍኸው ነው፤ በጣም አጭር ነው። ነገሩን ከአባትህ ወንበር ሆነህ ተመልከተው። ቡድኑ የወረደው፣ ንግዳቸው የከሰረው፣ ልጃቸው ከቤት የወጣው በአንድ ዓመት ነው። አንተ ቤት የተከራየኸው ለሥራ መሆኑን ታውቃለህ፤ እሳቸው ግን ሦስቱን ነገሮች አንድ ላይ ቢቆጥሯቸው አይገርመኝም። «የድል ጊዜ ደጋፊ» ሲሉህ ስለ አባ ጅፋር ብቻ እያወሩ ይሆን? የሰማሁት ያንተን ወገን ብቻ ነውና ልሳሳት እችላለሁ። ሆኖም «ስወድቅ የት ነበርህ?» ብሎ ልጅን ፊት ለፊት መጠየቅ ለአባት ከባድ ነው፤ በኳስ አሳቦ መናገር ይቀላል።

በእንግዳ ፊት ማሳፈራቸው ግን ልክ አልነበረም። ይህን ውጠህ እንድትኖር አልመክርህም።

የቡድኑን ስካርፍ ገዝተህ በድንገት ስታዲየም እንዳትከሰት። ዕድሜያቸውን የቡና ናሙና ሲያሸቱ የኖሩ ሰው ማስመሰልን ከሩቅ ይለያሉ። መጀመሪያ ጨዋታ በሌለበት ቀን ቤት ሂድ። ቡና ሲፈላ አቦሉን ጠጥተህ አትነሳ፤ እስከ በረካ ቆይ። ወሬው ወደ ዋንጫው ዘመን፣ ወደ አጥቂው ኦኪኪ አፎላቢ ግቦች፣ በ2011 ታኅሣሥ የግብጹን አል አህሊን 1 ለ 0 ወዳሸነፋችሁበት ቀን መሄዱ አይቀርም፤ ይሂድ፣ ደስ የሚል ወሬ ነው። ግን እዚያ ተደብቃችሁ አትቅሩ። ሰው ገለል ሲል «አባዬ፣ ንግዱ የቆመ ጊዜ እንዴት ነበርህ? ያኔ ሳልጠይቅህ ቀረሁ» በላቸው። ምን ያህል እንደከሰሩ አትጠይቅ፤ ዝም ቢሉም ዝምታውን ለመሙላት አትቸኩል። የራስህን ቅሬታ በዚያው ቀን አትደርብበት። በሌላ ቀን፣ ለብቻችሁ ስትሆኑ፣ «በእንግዳ ፊት የተናገርኸኝ ከብዶኛል» ማለት ትችላለህ።

ከዚያ በኋላ ስታዲየም ሲሄዱ አብረሃቸው ግባ። ኳሱ ባይስብህም ግድ የለም፤ የምትሄደው ለእሳቸው መሆኑን ቢያውቁም አይከፋቸውም። ቡድኑ ከተሸነፈ ደግሞ ባጃጅ አትጥራ፤ እስከ ቤት በእግር ሸኛቸው።