በጋራ ኮምፒውተር ላይ የፓይተን ፓኬጅ በሱዶ ልጫን ወይ ለሚለው ጥያቄ

እህታችን ከሐረር የጠየቁት፣ ሦስት ሰዎች በየራሳቸው አካውንት በሚጠቀሙበት የኡቡንቱ ኮምፒውተር ላይ የፓይተን ፓኬጅ መጫኛው ፒፕ «ይህ ፓይተን በሌላ የሚተዳደር ነው» ብሎ አልጭንም ስላላቸው፣ በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን በሚያስኬደው ትእዛዝ፣ ሊያስገድዱት ይችሉ እንደሆነ ነው። መልሴ አያስገድዱት የሚል ነው፤ በዚሁ መንገድ የሰው ሥራ አስተጓጉዬ አውቃለሁና።

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ተማሪዎች በጋራ የሚሠሩባቸውን ኮምፒውተሮች እከታተላለሁ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2024 የቁጥር ስሌት ፓኬጁ ነምፓይ 2 በወጣ ሰሞን፣ ኡቡንቱ 22.04 ባለበት ኮምፒውተር ላይ ለአንድ ተማሪ በነምፓይ ላይ ተመርኩዞ የሠንጠረዥ መረጃ የሚያቀነባብረውን ፓንዳስን በሱዶ ጫንኩለት። የነበረው ነምፓይ ለፓንዳስ አርጅቶበት ስለነበር ፒፕ አዲሱን ለሁሉም ተጠቃሚ አስገባ። በማግስቱ ሌላዋ ተማሪ የመመረቂያ ሥራዋን ግራፍ ልታወጣ ስትል፣ የግራፍ ፓኬጁ ማትፕሎትሊብ በነምፓይ 1 የተገነባ ሞጁል በነምፓይ 2 ላይ አይሠራም የሚል ረጅም መልእክት አውጥቶ ቆመባት፤ እርሷ ግን ከኮዷ አንዲት ፊደል አልነካችም። ኡቡንቱ ፒፕ በሱዶ የሚጭነውን የኡቡንቱ የራሱ መጫኛ አፕት ከጫነው ለይቶ ስለሚያስቀምጥ፣ አዲሱን ነምፓይ ሳነሳው አሮጌው ካለበት ተገኘና ሥራዋ ቀጠለ።

ከዚህ የከፋም አለ። አንዳንድ ፓኬጅ ሲጫን የራሱን ኮድ ያስኬዳል፤ በሱዶ ከሆነ ያ ኮድ ኮምፒውተሩን በሙሉ ሥልጣን ያዝዛል፣ የታወቀ ፓኬጅ ስም በአንድ ፊደል ለውጠው ተንኮል የሚጭኑ ሰዎች ደግሞ አሉ። የሊኑክስ ሲስተሞቹ ዴቢያን 12 እና ኡቡንቱ 23.04 በ2023 እርስዎን የገጠመዎትን የፒፕ ክልከላ ያመጡት ግን በዋናነት የሲስተሙ የራሱ መሣሪያዎች በፓይተን ስለሚሠሩና በፒፕ ምክንያት እንዳይበላሹ ነው። ስለዚህ ክልከላውን የሚያልፈውን አማራጭም አይጠቀሙ።

የሚሻለው ቬንቭ ነው፤ ይኸውም ፓኬጆች ከሲስተሙ ተለይተው የሚጫኑበት የፓይተን ፎልደር ነው። አስተዳዳሪው የቬንቭን ፓኬጅ በአፕት አንድ ጊዜ ይጫን፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሰው ያለ ሱዶ በራሱ ሆም ፎልደር ውስጥ ለየፕሮጀክቱ አንድ ቬንቭ ይፍጠር። ሲያነቁት የቬንቩ ስም በተርሚናሉ መስመር መጀመሪያ ላይ በቅንፍ ይታያል፤ ያንን ሳያዩ ፒፕን አይዘዙ። ቢበላሽ ፎልደሩን አጥፍቶ እንደገና መፍጠር ነው፤ የጎረቤትዎ ሥራ አይነካም። ቬንቩን በፍላሽ ወደ ሌላ ኮምፒውተር አይውሰዱ፣ የተፈጠረበት አድራሻ በውስጡ ተጽፏልና፤ ይልቁንም የፓኬጆቹን ዝርዝር ከነስሪታቸው በፒፕ ፍሪዝ ትእዛዝ አውጥተው እሱን ይውሰዱ።

ለሦስት ሰው ሦስት ጊዜ ማውረድ ዳታ ይጨርሳል፤ ይህ የእኛም ችግር ነበር። አሁን አንድ ሰው በፒፕ ዳውንሎድ ፋይሎቹን ሌሎቹ ማንበብ ብቻ በሚችሉት የጋራ ፎልደር ውስጥ ያወርዳል፤ ሌሎቹም ያለ ኢንተርኔት ከዚያው ወደየቬንቫቸው ይጭናሉ። የሁሉም ፓይተን ስሪት አንድ መሆኑን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ለ3.10 የተገነባው ነምፓይ 3.12 ላይ አይጫንም።