ሂፕሆፕ ለምትወዱ ልጆች፣ ከአንዲት የስቱዲዮ አሮጊት

ልጆቼ ሂፕሆፕ አትስሙ ልላችሁ አይደለም፣ እኔ ራሴ እንጀራዬን የበላሁት በሱ ነው፣ ፀጉሬ የሸበተው ዋሽንግተን አካባቢ ስቱዲዮ ውስጥ ሚክስ ስሰራ ነው፣ አሁንም ቤዙ ሲመታ ጭንቅላቴ ዝም አይልልኝም። ብቻ ጥቁር ሴቶች እዚህ ሙዚቃ ውስጥ በእንግድነት እንዳልገቡ እወቁልኝ። በ1973 (በፈረንጅ ነው የማወራው) ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ የሂፕሆፕ ልደት እየተባለ የሚከበረውን ፓርቲ ያዘጋጀችው ሲንዲ ካምቤል ናት፣ ለትምህርት መክፈቻ ልብስ መግዣ ፈልጋ፣ ወንድሟ ዲጄ ኩል ኸርክ አጫወተና ስሙ ለሱ ቀረ። በ1979 የመጀመሪያውን ትልቅ የራፕ ሂት በሸክላ ያወጣችውም ሲልቪያ ሮቢንሰን ናት።

ታዲያ ክሊፑ ላይ ለምን እንደ እቃ ይቀርባሉ? "ራሳቸው ጥቁሮቹ አይደሉ እንዴ የሚሰድቧቸው" የሚል አጎት በየቤታችን አለ። ውሸት ነው አልልም ግን ግማሹን ነው የሚያወራው። ጥቁር ሴት ማለት ኤልዛቤል ናት፣ ወንድ የምታጠምድ አመንዝራ ናት የሚለው ወሬ ራፕ ሳይታሰብ የነበረ ነው፣ በባርነት ጊዜ ጌቶቹ የደፈሯትን ሴት "እሷ ናት የፈለገችው" ለማለት ተመቻቸው፣ ህጉም አይጠይቃቸውም ነበር። ያ ወሬ በኋላ ቢት ተገጠመለት፣ ሌብሎቹም (ሙዚቃ አሳታሚ ድርጅቶቹ) እንደሚሸጥ ሲያዩ ብር አፈሰሱበት፣ ከዛ ዞሮ ወደመጣበት ወደ ነጮቹ አፍ ይመለሳል። በ2007 ዶን አይመስ የሚባል ነጭ የሬዲዮ ሰው የረትገርስ ዩኒቨርሲቲን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን በፀጉራቸውም በሴትነታቸውም በቀጥታ ስርጭት ሰደባቸው፣ ሲያፋጥጡት ቃሉ ከጥቁሮቹ የመጣ ነው አለ። ልጆቹ እኮ ለዋንጫ ፍጻሜ የደረሱ ነበሩ!

የራፐሯ የሜጋን ዘ ስታሊየን ነገር ደግሞ እስካሁን ያናድደኛል። በ2020 ሐምሌ ላይ እግሯን በጥይት ተመታች፣ ፖሊስ ሲመጣ ግን ተኩስ ይከፍቱብናል ብላ ፈርታ መስታወት ረግጬ ነው አለች (ጆርጅ ፍሎይድ ከተገደለ ገና ሁለት ወር አልሞላም)። እውነቱን ስትናገር ሳቁባት፣ ሚም ሰሩባት፣ ውሸታም አሏት፣ ረጅምና ፈርጣማ ስለሆነች የማያማት ይመስል። ጁሪው (ከህዝብ የተመረጡት ፈራጆች) የተኮሰባትን ዘፋኝ ቶሪ ሌንዝን ጥፋተኛ ያለው በ2022 ታህሳስ ነው፣ 10 ዓመት የተፈረደበትም በቀጣዩ ዓመት። እስከዛ ድረስ ላይክ ያደረጋችሁትን ሄዳችሁ እዩት እስቲ።

የሃበሻ ልጆች፣ ራፐሩ የኢትዮጵያ ልጅ ብሎ ሲጠራችሁ ደስ ይላችኋል አይደል፣ ግን ደግማችሁ ስሙት፣ ብዙ ጊዜ የሚያሞግሰው ቀላ ያለ ቆዳና ለስላሳ ፀጉር ነው፣ በሙገሳው ጠቆር ያለችው ጓደኛችሁ ዝቅ ትላለች። እኛም ቤት "ቀይ ናት" ካሉ ቆንጆ ናት ማለታቸው ስለሆነ ነገሩ አዲስ አይሆንብንም። ነገ መስሪያ ቤት ውስጥ አንዷ ስትቆጣ "ቁጡዋ ጥቁር ሴት" ለመባል ግን ፓስፖርት የሚጠይቃት የለም።

ስቱዲዮ ለምትገቡ ሴቶች፣ ከዘፈኑ ውስጥ አንድ መስመርም ትሁን ዜማ ካዋጣችሁ ማን ስንት ፐርሰንት እንዳለው የሚጻፍበትን ወረቀት፣ ስፕሊት ሺት የሚሉትን፣ እዛው ሌሊቱን አስፈርሙ። ነገ እንፈርማለን ያላችሁ ሰው ነገ ስልክ አያነሳም። ወንዶች ደግሞ ሴቷ ከቡዙ (ድምፅ ከሚቀዳባት ጠባብ ክፍል) ወጥታ በሩ ሲዘጋ ስለሷ የሚወራውን እኔ በሄድፎን ስሰማው ኖሬያለሁ፣ አብዛኞቻችሁም የምትስቁት ላለመለየት ነው። አንዱ "ተው ወንድሜ፣ እንቅዳ" ሲል ክፍሉ ለአፍታ ይቀዘቅዛል ከዛ ስራ ይቀጥላል፣ እንዲህ ብሎ ስራ ያጣ ሰው እኔ አላየሁም።