ሻጋታ ፎቶ ማንሳት እንጀራ ይሆናል ወይ?

የዛሬው ጥያቄ የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ጠያቂዋ በባዮሎጂ ከተመረቀች ዓመት አልፏታል። ያገለገለ ማይክሮስኮፕ በርካሽ ገዝታ፣ ስልኳን ማያው ላይ ደግና የሻገተ ዳቦና እንጀራ ፎቶ ታነሳለች። «እናቴ ክሊኒክ ላብራቶሪ ግቢ ትለኛለች። ጓደኞቼ ቲክቶክ ላይ ልቀቂው ይላሉ። እኔ ግን ሥራዬ ባደርገው ደስ ይለኛል። ይሆናል ወይ?» ትላለች። ስድስት ፎቶም ልካለች።

እህቴ፣ ፎቶዎቹን አየኋቸው። ሦስተኛውን፣ ያን ጥቁር ራስ ያለውን የዳቦ ሻጋታ፣ ደጋግሜ ነው ያየሁት። ግን መጀመሪያ ልቆጣሽ። አንዱ ፎቶ ላይ ከማይክሮስኮፑ ጀርባ የሚታየው አልጋ ነው። ሻጋታ የምታበቅዪው መኝታ ክፍልሽ ውስጥ ከሆነ ዛሬውኑ አውጪው። ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አድርጊው፣ ስትከፍቺው ማስክ ልበሺ፣ ስትጨርሺ በረኪና አፍስሺበትና ጣዪው። የሻጋታው ዘር ብናኝ ነው፣ በአየር ነው የሚሄደው። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ጣጣ ነው።

የእናትሽን ሐሳብ ቶሎ ልጨርሰው። ክሊኒክ ላብራቶሪ ለመግባት የሕክምና ላቦራቶሪ ትምህርትና የሙያ ፈቃድ ይጠይቃል። የባዮሎጂ ዲግሪሽ ብቻውን አያስገባሽም። ይህን ቁጭ ብለሽ አስረጃቸው፣ ሰነፈች ብለው እንዳያዝኑብሽ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። «ፈንገስ ፎቶ አንሺ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም፣ አያለሁ ብዬም አልጠብቅም። ግን የሰብል በሽታ የሚያጠና ሰው ሁሉ ያየውን ለሌላው ማሳየት አለበት። ብዙዎቹ ደግሞ ፎቶው ላይ ደካማ ናቸው። የደንገጎን ዳገት ወጥተሽ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ብትሄጂ የዕፅዋት በሽታ የሚማሩና የሚያስተምሩ ሰዎች ታገኛለሽ። ለእነሱ ረዳት መሆን፣ ከዚያም እዚያው ሁለተኛ ዲግሪ መቀጠል፣ ለአንቺ የሚታየኝ ቀጥተኛ መንገድ ይሄ ነው። ፎቶው በሩን ያስከፍትልሻል፤ ደመወዙ የሚመጣው ከበሽታው እውቀት ነው።

ስለዚህ እንጀራና ዳቦውን ተዪና አንድ ሰብል ያዢ። ሐረርጌ ላይ ምን ጠፍቶ! የማሽላ አረማሞ የሚባል በሽታ አለ። የቡና ቅጠል ዋግም አለ። ከቅጠሉ ጀርባ ብርቱካንማ ዱቄት ሆኖ ስለሚታይ ግልጽ ፕላስተር ለጠፍ አድርገሽ ስላይድ ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው። የዋጉ ዘር የኩላሊት ቅርጽ አለው፣ ግማሹ ልሙጥ፣ ግማሹ እሾሃማ ነው። ለጀማሪ ዓይን ድግስ ነው።

እኔ ብሆን ግን ለውዝን እመርጣለሁ። ለውዝ የሚመረትበት ባቢሌ አጠገባችሁ ነው። ለውዝ በደንብ ሳይደርቅ ሲከማች አስፐርጊለስ ፍላቨስ የሚባለው አረንጓዴ ሻጋታ ይይዘዋል፣ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝም ያመነጫል። ጉበት ላይ ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በቀጥታ ለሚበላ ለውዝ በኪሎ ከ4 ማይክሮግራም በላይ አይቀበልም። ገበሬውም ነጋዴውም ገንዘቡ ላይ የመጣ ጉዳይ ስለሆነ የሚሰማሽ ሰው አታጪም። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ ሻጋታውን በማይክሮስኮፕ ታያለሽ፣ መርዙን አታዪም። መርዝ መኖሩን የሚያሳውቀው የላብራቶሪ ምርመራ ነው። በፎቶ ብቻ «ይህ ለውዝ መርዛም ነው» ብለሽ ከለጠፍሽ የሰው ገበያ ታበላሻለሽ፣ ስምሽም አብሮ ይሄዳል።

ወደ ፎቶዎቹ ልመለስ። አንዱም ላይ ልኬት የለም። «400 ጊዜ ጎልቷል» ብለሽ ጽፈሻል፣ ግን ያ ቁጥር የሚሠራው በዓይንሽ ስታዪ ነው። ስልክ ላይ በጣት ሲጎተት ትርጉም ያጣል። አንድ ሚሊሜትር 100 ቦታ የተከፈለበት የልኬት ስላይድ ተዋሽ። እያንዳንዱ ክፍል 10 ማይክሮሜትር ነው። በየሌንሱ አንዴ ፎቶ አንሺውና ኢሜጅ ጄ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፎቶዎችሽ ላይ የልኬት መስመር አስገቢ። የለውዙ ሻጋታ ዘር ከ3 እስከ 6 ማይክሮሜትር፣ የቡናው ዋግ ደግሞ 30 አካባቢ ነው። መስመሩ ከሌለ የትኛው ትልቅ፣ የትኛው ትንሽ እንደሆነ አይታወቅም።

ግማሹ ጠርቶ ግማሹ የደበዘዘው ስልክሽ መጥፎ ሆኖ አይደለም። 40 ጊዜ በሚያጎላው ሌንስ በአንዴ የሚጠራው ውፍረት አንድ ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ነው። ትንሿን የፎከስ ማዞሪያ ቀስ እያልሽ 20 ወይም 30 ፎቶ አንሺና በኮምፒውተር አንድ አድርጊያቸው። ስልኩ እንዳይነቃነቅ መያዣ ያስፈልግሻል፣ እዚያው ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ካጣሽው ከቧንቧ ቁራጭ ይሠራል። የድሬን አቧራ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ማይክሮስኮፑን ሸፍኚው። ሌንሱን በነጠላ ጫፍ የምትጠርጊ ከሆነ አልታረቅሽም።

መዝገብም ያዢ። በአንድ ወቅት ለቅጥር ሰው ስንመርጥ እጅግ ያማሩ ፎቶዎች ያመጣ ልጅ ነበር። ናሙናው ከየት መጣ፣ መቼ፣ ከየትኛው ተክል ብለን ብንጠይቀው አንዱንም አላስታወሰም። የተቀጠረችው ደብዛዛ ፎቶና ሙሉ ደብተር ያላት ልጅ ነበረች።

ለቲክቶኩ አልከለክልሽም። ከዚያ ይልቅ ግን ኒኮን ስሞል ወርልድ የሚባል ውድድር አለ፣ ከ1975 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በማይክሮስኮፕ የተነሱ ፎቶዎችን ያወዳድራል። አማተርም ይገባል። ባታሸንፊም ያሸናፊዎቹን ፎቶ እያየሽ ብርሃን አጠቃቀም ትማሪያለሽ።

ለዚህ ሳምንት ሥራሽ ቀፊራ ገበያ ሄደሽ ግማሽ ኪሎ ለውዝ መግዛት ነው። የተሸበሸበውን፣ የተሰበረውንና ቀለሙ የተለወጠውን ለይተሽ ልቀሚ። ሻጩ ግራ ይገባዋል፣ ምናልባት ዋጋም ይቀንስልሻል። የገዛሽበትን ቀንና ለውዙ የመጣበትን ቦታ ጠይቀሽ እዚያው ጻፊ። ፎቶውን ከነደብተሩ ገጽ ላኪልኝ።