ተቀባይ ያጣ ዜማ

ውድ ልጆቼ፤

ሰሞኑን አንዲት ወጣት «ከቄሶቻችን ዜማ ትክክለኛው የየትኛው ቄስ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እስራኤል ውስጥ ተወልዳ ላደገች የቤተ እስራኤል ልጅ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔን ግን በድምፅ ቀራጭነት ስሠራ የገጠመኝን ነገር አስታውሶ እንቅልፍ ነሣኝ።

አንድ አረጋዊ ቄስ ጸሎታቸውን ለማስቀረጽ ፈቅደው ስቱዲዮ መጡ። ነጭ ጥምጣማቸውን አስተካክለው፣ ማይክሮፎኑን ገልመጥ አድርገው በግዕዝ ጀመሩ። የመጀመሪያውን ሐረግ አዚመው፣ መጨረሻው ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ። የረሱ መስሎን ዝም አልን። እንደገና ጀምረው እዚያው ላይ ሲቆሙ ቀና ብለው «የሚቀበለኝ የት አለ?» አሉ። የቄሶቻችን ጸሎት አንዱ እየመራ ሌሎቹ እየተቀበሉ የሚሄድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ተቀባዩ መሪው ሳይጨርስ ስለሚገባ ድምፆቹ ይደራረባሉ። አሠሪያችን ግን ጥርት ያለ የአንድ ሰው ድምፅ ስለፈለገ ብቻቸውን እንዲቀጥሉ ተጠየቁ፤ እሳቸውም ላለማስቀየም የመሪውንም የተቀባዩንም ራሳቸው እያዜሙ ጨረሱ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚቀበሏቸው ባልንጀራቸው ሌላ ከተማ ይኖሩ ነበር። «እሳቸውን በሚቀጥለው እናመጣለን» ተባለ፤ የሚቀጥለው ሳይደርስ ባልንጀራቸው ዐረፉ። ካሴቱ ዛሬም አለ። ቃሉ አንድ በአንድ ይሰማል፤ ጸሎት ግን አይመስልም።

ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት ሐዛኖች፣ ማለትም በምኩራብ ጸሎቱን በዜማ የሚመሩት፣ ነገራቸው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 የቺካጎ ኦፔራ ያቀረበለትን ግብዣ ስለ እምነቱ ሲል አልቀበልም ያለው፣ በ1933 ኢየሩሳሌም ውስጥ ያረፈው ዮሴሌ ሮዘንብላት፣ ዝናው እስካሁን የቆየው ከሁሉ በላይ ብቻውን ጎልቶ በሚሰማበት ሸክላ ነው። ሸክላዎቹን እወዳቸዋለሁ፤ ዕንባዬን ያመጣሉ። ነገር ግን ቄሶቻችንን በዚያ ሚዛን መዝነን «ኮከቡ ማን ነው?» ማለት የጀመርን ቀን ነገሩ ተበላሸ። ለአጥኚዎቹ አመሰግናለሁ፤ ኬይ ካውፍማን ሸለመይ እ.ኤ.አ. በ1973 ጎንደር አጠገብ አምቦበር ድረስ ሄዳ ዜማውን አጥንታለች፤ በ1980ዎቹም ሲምሐ አሮምና ባልደረቦቹ ብዙ ጸሎት ቀርጸዋል። ይሁንና ቅጂ መሪውን አይቀበለውም።

የዛሬ ልጆች ትዕግሥት የላችሁም፤ ሽማግሌ ስለሆንኩ ይህን ማለት መብቴ ነው። የጾምና የጸሎት በዓላችን ስግድ እ.ኤ.አ. በ2008 በክኔሴት፣ በእስራኤል ምክር ቤት፣ ሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎቻችሁ ኢየሩሳሌም የምትደርሱት ቄሶቹ ጸሎቱን ሊጨርሱ ሲሉ ነው፤ ከባለ ጥልፉ ጃንጥላ ሥር ግማሽ ደቂቃ ቀርጻችሁ «ቅርሳችን» ትላላችሁ። ያም ሆኖ ስልካችሁን አትተዉት፤ እኛ ያኔ እንዲህ ያለ ዕቃ በኪሳችን ቢኖር ኖሮ ያንን ሁለተኛ ሽማግሌ ቤታቸው ድረስ ሄደን እንቀርጻቸው ነበር።

ግዕዝ ተማሩ፣ ሽማግሌ አክብሩ እያልኩ አላደክማችሁም። ለጠያቂዬ የምላት ግን ይህ ነው፦ ልጄ፣ ትክክለኛውን ቄስ ከመፈለግሽ በፊት መቀበሉን ተማሪ፤ ወደ አንድ ቄስ ስትሄጂም አብሯቸው የሚያዜም ሌላ ቄስ እንዲገኝ ለምኚ። ሁለቱ በአንድ ቃል ላይ ባይስማሙ አታስታርቂ፤ ሁለቱንም ያዢ። ከግዕዙ መካከል አገውኛ ብትሰሚ ስሕተት መስሎሽ አታርሚ፤ ከጥንት ጀምሮ የጸሎቱ አካል ነው።